ቦብ ናይት ከኢንዲያና ለምን ተባረሩ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2000 በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1992 ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። በዚያ እሑድ የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ለ29 ዓመታት የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ያሰለጠኑትን ቦብ ናይትን ከሥራ አሰናበተ። ሲመሽ በብሉሚንግተን ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ወደ ማይልስ ብራንድ መኖሪያ ቤት ተመሙ፤ የፕሬዝዳንቱን ምስል ሠርተውም በእሳት አቃጠሉ።

ናይት ተራ አሰልጣኝ አልነበሩም። በ1976፣ በ1981 እና በ1987 ኢንዲያናን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን አድርገዋል። የ1976ቱ ቡድናቸው 32 ጨዋታ ተጫውቶ 32ቱንም አሸንፏል፤ ከዚያ ወዲህ በወንዶች የመጀመሪያ ዲቪዚዮን አንድም ቡድን ሳይሸነፍ ዋንጫ አላነሳም። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ፣ ገና ወጣት የነበረው ማይክል ጆርዳን የተሰለፈበትን ብሔራዊ ቡድን ለወርቅ ያበቁትም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲባረር ወሬው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ወንበር ስለወረወሩ ነው የተባረሩት»

በጣም የተስፋፋውና ለማረም በጣም ቀላሉ ይኸኛው ነው። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1985 ኢንዲያና በሜዳው ከጎረቤት ባላንጣው ከፐርዲዩ ጋር ሲጫወት ናይት በዳኞቹ ውሳኔ ተቆጡ። የፐርዲዩ ተጫዋች ቅጣት ምት ሊመታ ሲዘጋጅ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር አንስተው በሜዳው ላይ ወረወሩ። ከጨዋታው ተባረሩ፤ ቡድናቸውም 72 ለ 63 ተሸነፈ። ታዲያ የሥራ ስንብቱ የት አለ? ቡድኑ የሚጫወትበት ሊግ ለአንድ ጨዋታ አገዳቸው፤ ማስጠንቀቂያም ሰጣቸው። በዚሁ አበቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስተኛውን ዋንጫቸውን አነሡ። በወንበሩና በስንብቱ መካከል ከ15 ዓመት በላይ አለ። ቪዲዮው ዛሬም ድረስ ደጋግሞ ስለሚታይ ሰዎች የመጨረሻው ቀን አድርገው ያስታውሱታል።

«አንድ ተማሪ በስማቸው ስለጠራቸው ተቆጥተው ነው፤ በዚህ ብቻ ሰው ይባረራል?»

ለእኛ አገር ሰው ይህ ወሬ ልብ ይነካል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2000 አንድ የ19 ዓመት አዲስ ተማሪ የቡድኑ አዳራሽ መግቢያ ላይ ከናይት ጋር ተገናኘ። ማዕረግም አክብሮትም ሳይጨምር በስማቸው ብቻ ጠርቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ በእኛ ቋንቋ «እንዴት ነህ፣ ናይት!» እንደ ማለት ነው። ናይት ያኔ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ተኩል ገደማ ነበር የቀራቸው። ክንዱን ይዘው ስለ ሥነ ምግባር ገሠጹት። ተማሪው አጥብቀው እንደያዙትና እንደሰደቡት ተናገረ፤ ናይት ቀስ ብለው ክርኑን ከመንካት ያለፈ ነገር እንዳላደረጉ፣ ክፉ ቃልም እንዳልወጣቸው ለጋዜጠኞች አስረዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ሥራቸውን አጡ።

አንድ ወጣት የአባቱን እኩያ አንተ ብሎ ሲጠራ ሰምቶ ዝም የሚል አበሻ ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ለአሰልጣኙ የሚያዝኑ ወገኖቼን አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ታሪኩ ከመካከሉ ተጀምሮ ነው የተነገራቸው።

ከዚያ ቀን በፊት፣ አራት ወር እንኳ ባልሞላ ጊዜ፣ ሜይ 15 ቀን 2000፣ ፕሬዝዳንት ብራንድ ናይትን የሚመለከት ውሳኔ በይፋ አሳውቀው ነበር። ወደ እሱ የምመለስበት የአንድ ተጫዋች አቤቱታ ምርመራ አስነሥቶ፣ በምርመራው ሌሎች ነገሮችም ወጥተዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ለብዙ ዓመት ያገለገለች ጸሐፊ ባለችበት የአበባ ማስቀመጫ መወርወራቸው ነው። ብራንድ የ30,000 ዶላር ቅጣትና የሦስት ጨዋታ እገዳ ጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ተመሳሳይ ድርጊት ፈጽሞ እንደማይታለፍ አስታወቁ። ናይትም ይህን ተቀብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። የተማሪው ክንድ የተያዘው እንግዲህ ከዚህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በኋላ ነው።

ብራንድ የስንብቱን ምክንያት ሲገልጹም ስለ ተማሪው ብቻ አልተናገሩም። እሳቸው እንደዘረዘሩት ናይት በእነዚያ ጥቂት ወራት አንዲት የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ባለሥልጣን የሆኑ ሴትን በቃል አዋርደዋል፤ አስተዳደሩን በአደባባይ ነቅፈዋል፤ ከቀድሞ ተማሪዎች ጋር በተያዙ ዝግጅቶች ላይ አልገኝም ብለዋል። የተማሪው ጉዳይ እስኪጣራ ከተማውን እንዳይለቁ ሲጠየቁም ዓሣ ሊያጠምዱ ወደ ካናዳ ሄደዋል። በፈቃዳቸው እንዲለቁ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ተሰናበቱ።

ለናይት ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። «ፈጽሞ አይታለፍም» የተባለው ምን ምን እንደሆነ በዝርዝር አልተነገረኝም ሲሉ አማረዋል፤ ይህ ቅሬታ ባዶ አይመስለኝም። ሰውን በማስጠንቀቂያ ሥር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ድንበሩን በግልጽ ማስመር ነበረበት።

«ወጥመድ ነበር»

የተማሪው እንጀራ አባት ቀደም ሲል በአካባቢው ሬዲዮ ላይ ናይትን ይነቅፉ የነበሩ ሰው መሆናቸው እውነት ነው። ከዚህ ተነሥተው ልጁን ሆን ብለው ልከውት ነው ያሉ ደጋፊዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ልጁ ከወንድሞቹና ከጓደኞቹ ጋር የአሜሪካ እግር ኳስ ትኬት ጉዳይ ይዞት ነው አዳራሹ ጋር የተገኘው። ናይት በዚያ በር፣ በዚያ ደቂቃ ይመጣሉ ብሎ ማን ሊያቅድ ይችላል? ይልቅ የሚያሳዝነው ልጁ ላይ የደረሰው ነው፤ በዛቻ ብዛት በዚያ ግቢ መማር ከብዶት ነበር።

«ስላላሸነፉ ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ከ1995 እስከ 2000 ኢንዲያና በየዓመቱ ወደ ብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድር ገብቷል፤ ነገር ግን ከሁለተኛው ዙር አልፎ አያውቅም። በማርች 2000 በመጀመሪያው ዙር በፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ 77 ለ 57 ተሸነፈ። ቢሆንም ለናይት የቀረበላቸው የስንብት ምክንያት ውጤት አልነበረም፤ በውጤት መለኪያ እንኳ በየዓመቱ ለውድድሩ የሚያበቃን አሰልጣኝ የሚያባርር ዩኒቨርሲቲ ብዙ አይደለም።

እኔ የማምነው ነገሩ የተገላቢጦሽ እንደሆነ ነው፤ ዋንጫው ስንብቱን ለሃያ ዓመታት አዘገየው። በ1979 በፖርቶ ሪኮ በተካሄደው የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ከአንድ ፖሊስ ጋር ተጋጭተው በሌሉበት ጥፋተኛ ተብለዋል። በ1993 በጨዋታ መካከል ተጫዋቻቸው የነበረውን የገዛ ልጃቸውን ተቀያሪዎች ወንበር ላይ በእርግጫ ብለው ለአንድ ጨዋታ ታግደዋል። አንድ የሒሳብ መምህር ከእነዚህ አንዱን ቢያደርግ ኖሮ እስከ 2000 ይቆይ ነበር? አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው ገዢው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ረጅም ዝምታ ሊረዳው አይችልም።

«ደንብ ጥሰው፣ ለተጫዋች በድብቅ ገንዘብ ከፍለው ነው»

ፈጽሞ አይደለም። ብዙ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች በዚህ ስለወደቁ ከእነሱ ጋር ይደባለቃሉ። ናይት ግን በዚህ ረገድ ንጹሕ ነበሩ፤ ተጫዋቾቻቸው ክፍል ገብተው እንዲማሩና እንዲመረቁ አጥብቀው ይከታተሉ ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትም ገንዘብ አሰባስበዋል። ይህ ስማቸው ሊነካ አይገባም።

«ፕሬዝዳንቱ ስፖርት የሚጠሉ ምሁር ነበሩ»

ብራንድ በሙያቸው የፍልስፍና ሰው ናቸው፤ ይህ ለወሬው ተመችቶታል። ነገር ግን በ2003 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ በ2009 እስኪሞቱ ድረስም መሩት። ስፖርት ጠል ሰው ይህን ሥራ አይፈልግም።

«ከዚያ በኋላ አበቃላቸው»

አላበቃላቸውም። በ2001 ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቀጠራቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 በ880ኛው ድላቸው የሌላውን ታዋቂ አሰልጣኝ የዲን ስሚዝን የድል ክብረ ወሰን አለፉ፤ በ2008 ሥራ ሲያቆሙ 902 ድል ነበራቸው። ኢንዲያናም አልፈረሰም፤ ረዳታቸው የነበሩት ማይክ ዴቪስ ቡድኑን በ2002 እስከ ፍጻሜ አደረሱት። ናይት ግን ቂም ያዙ፤ ወደዚያ አዳራሽ እንደገና የገቡት ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2020 ነው። የቀድሞ ተጫዋቾቻቸው ከብበዋቸው ሲገቡ ሕዝቡ ቆሞ ተቀበላቸው። ኖቬምበር 1 ቀን 2023 በ83 ዓመታቸው አረፉ።

«ጥብቅ አባት ነበሩ፤ ተግሣጽ የማይወድ ዘመን ነው ያባረራቸው»

ለመጨረሻ ያቆየሁት ይህን ነው፤ ከእኛ ሰዎች አፍ ደጋግሜ የምሰማው ይኸኛው ነውና። እኔም በአርጩሜ የተማርኩ ሰው ነኝ። የመምህራኖቼን ጥብቅነት አመሰግናለሁ፤ አርጩሜውን ግን አላመሰግንም። ሁለቱን ለይቼ ለማየት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ናይትን የሚወዱ ተጫዋቾችም እውነተኞች ናቸው፤ በእጃቸው ያለፈውና በኋላ አሰልጣኝ የሆነው ማይክ ሽሼቭስኪ በ2011 የድል ክብረ ወሰናቸውን ሲሰብር ሄዶ አቅፏቸዋል።

ኒል ሪድ ግን ሌላ ነገር አየ። በ1997 ኢንዲያናን ትቶ ወደ ደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ተጫዋች ነው። በማርች 2000 በሲኤንኤን ቀርቦ ናይት በልምምድ ላይ አንገቴን አንቀውኛል አለ። ናይት ነገሩ እንደተባለው አይደለም አሉ፤ ከጎናቸው የቆሙ የቀድሞ ተጫዋቾችና ረዳቶችም ልጁን ውሸታም አደረጉት። በኤፕሪል የዚያ ልምምድ ቪዲዮ ወጣ። የናይት እጅ የሪድ አንገት ላይ ይታያል፤ ለሁለት ሰከንድ ያህል። የሜይ ወሩ ምርመራና የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ከዚህ የመጡ ናቸው።

ተግሣጽ ቢሆን ኖሮ ሲጠየቁ «አዎ፣ ገሥጬዋለሁ» ይባል ነበር። ማንም አባት ልጁን መምከሩን አይክድም። የተካደው፣ የሚያዩት ሁሉ ምን እንደሆነ ስለሚያውቁት ነው።

ሪድ ካሊፎርኒያ ገብቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነ፤ ልጆችንም አሰለጠነ። በ2012፣ በ36 ዓመቱ፣ በልብ ሕመም ሞተ።