የእትዬ ክኒንና ጾመ ፍልሰታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ፍልሰታ እዚህ ጎንደር፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እያስቀደስን ነበር። ውጭው ዝናብ፣ እኛ ጋቢ ደርበናል፤ አጠገቤ የቆሙት እትዬ ግን ላብ አጥምቋቸው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ያራግባሉ። ስንወጣ ጠየቅኋቸው። ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናቸው ወዲህ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን በቀን አንድ፣ ለ5 ዓመት እንዲውጡ ታዞላቸዋል። «ሙቀቱ ድንገት እሳት ይለቅብኛል፤ አጥንቴንም ይጠዘጥዘኛል። ጾሙ ያሽረኛል ብዬ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ክኒኑን ትቼዋለሁ» አሉኝ።

ደነገጥኩ። የእትዬ ካንሰር ኤስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ሲሆን፣ ክኒኑ በጡት ውስጥ የሆርሞኑን መግቢያ ይዘጋበታል። ሙቀቱም የሚነሳው ሆርሞኑ ሥራውን ስለተከለከለ ነው። ክኒኑ ሲተው ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሊበርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ጾሜ ፈወሰኝ» እንላለን፣ በሩ ግን ለካንሰሩ ተከፍቷል። ጾም የሆርሞን ሕክምናን ያግዝ እንደሆነ የመረመሩ አሉ፤ ብዙው በአይጥ ላይ ነው፤ የተሞከረባቸው ጥቂት ሴቶችም በሐኪም እየታዩ፣ ክኒናቸውን ሳይተዉ ነው።

ወገኖቼ፣ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ የታመመውን ለይቶ ያወጣዋል። ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። (ይህን እያነበብን «ጠበል ወይስ ሐኪም?» ብለን የምንከራከረው ነገር አይገባኝም።)

ለዚሁ ካንሰር የሚታዘዙትን ሌትሮዞል ወይም አናስትሮዞል የሚባሉ ክኒኖች የምትወስዱ ደግሞ፣ እነዚህ አጥንት ያሳሳሉና ወተት በሚተውበት ወራት ሰሊጡንና ጎመኑን ከማዕዳችሁ አታጉድሉ፤ ስለ ካልሲየም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

እትዬ በማግስቱ ሐኪማቸውንም የነፍስ አባታቸውንም አነጋገሩ። ጭንቃቸው ቁርባን ነበር፤ ከመቁረቡ በፊት 18 ሰዓት መጾም አለና። ሐኪሙ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን እንጂ ማታም መዋጥ ይቻላል አሏቸው፤ ማታ 2 ሰዓት ከእራት ጋር ቢውጡት በ9 ሰዓት ቅዳሴ 19 ሰዓት ይሞላል። የነፍስ አባታቸው ደግሞ «ልጄ፣ በማትቆርቢበት ቀን ውኃ ጠጪ፤ ጾሙም እስከ 6 ሰዓት ይበቃሻል። ስግደቱን ተይውና ቁጭ ብለሽ ዳዊት ድገሚ» አሏቸው።

እትዬ ሲነግሩኝ ሳቅ አሉ። «ዳዊቱን እደግማለሁ። ነሐሴ 16 ዶሮዋን ግን ማንም አያስጥለኝም።»