የጊዜ ጉዞ ምንድን ነው? ለትንንሽ ልጆችስ እንዴት እናስረዳቸው?

የጊዜ ጉዞ ማለት ካለንበት ጊዜ ተነስቶ ወዳለፈው ወይም ገና ወዳልመጣው ጊዜ መሄድ ነው። ለአዋቂ ይህ ይበቃል። የአራት ዓመት ልጅ ግን "ትናንት" ሲል ያለፈውን ሳምንትም፣ ያለፈውን ዓመትም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ "ያኔ" እና "አሁን" ይለዩለት። ሕፃን እያለ የተነሳውን ፎቶ ከቅርቡ ፎቶው ጎን አስቀምጡና "ይሄ ያኔ ነው፣ ይሄ አሁን ነው፤ ትልቅ ሰው ስትሆን የምትነሳው ደግሞ ገና አልተነሳም" በሉት። ከዚያ "ያኔ ወደነበረው ቀን ሄደህ ይሄን ሕፃን ብታገኘው ምን ትለዋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሰጣችሁ ሐሳቡ ገብቶታል።

ወዲያው "እውነት ግን ይቻላል?" ማለቱ አይቀርም። "ተረት ነው" ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ምክንያቱም ወደፊት መሄዱ በጥቂቱም ቢሆን እውነት ነው። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 በጣም ፈጥኖ ለሚጓዝ ሰው ጊዜ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ሁለት ሳይንቲስቶች እጅግ ትክክለኛ የሆኑ አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ይዘው ዓለምን ዞሩ። ሲመለሱ ሰዓቶቹ መሬት ላይ ከቀሩት ጋር እኩል አልነበሩም። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚበረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ስድስት ወር የሚቆዩ ጠፈርተኞችም ሲመለሱ ከእኛ በጥቂቱ ያነሰ ጊዜ አልፎባቸዋል። ልዩነቱ የሰከንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ለልጁ "ዓይንህን እስክትጨፍን ከሚፈጀው እንኳ ያንሳል" ብትሉት ይበቃዋል።

ወደ ኋላ የሄደ ሰው ግን የለም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ለጊዜ ተጓዦች ድግስ አዘጋጀ፤ ጥሪውን ግን ያስተላለፈው ድግሱ ካለፈ በኋላ ነበር። ማንም አልመጣም። ይህን ታሪክ ስትነግሩ ለምን ዘግይቶ እንደጠራ ቶሎ አታስረዱ፤ ልጁ ራሱ ይድረስበት።

መሄድ ባይቻልም ያለፈውን ማየት ግን ይቻላል። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሲሪየስ ከተባለው ደማቅ ኮከብ የሚመጣው ደግሞ ከ8 ዓመት ተኩል በላይ ይጓዛል። የአምስት ዓመት ልጅ ዛሬ ማታ የሚያየው የሲሪየስ ብርሃን እሱ ሳይወለድ በፊት የተነሳ ነው።

አንዳንድ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ "እንግዲያው አያቴ ወዳልሞተችበት ቀን እንሂድ" ሊል ይችላል። ያኔ ሳይንሱን ተዉትና "አይቻልም" ብላችሁ እውነቱን ንገሩት፤ ቀጥሎም "ብትሄድ ከአያትህ ጋር ምን ታደርጉ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት፤ እስኪጨርስም አድምጡት።