የውሃ ሕክምና ለስኳር ታማሚ እግር፦ ምንድን ነው?

የውሃ ሕክምና የውሃን ሙቀት፣ ግፊትና የማንሳፈፍ ኃይል በመጠቀም ሕመምን የማስታገሥና እንቅስቃሴን የማሻሻል ዘዴ ነው። ለስኳር ታማሚዎች የሚመከረው የእግርን የደም ዝውውር ይረዳል ተብሎ ነው፤ ይሁንና በዚህ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው ሳይለዩ መምከር ጉዳት ያስከትላል።

አንደኛው በገንዳ ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው አብዛኛውን ክብደቱን ውሃው ስለሚሸከምለት በውስጥ እግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል፤ ወደ ታች በተኬደ ቁጥር የሚያይለው የውሃ ግፊት ደግሞ በባትና በቁርጭምጭሚት አካባቢ የተጠራቀመውን ደም ወደ ልብ እንዲመለስ ያግዛል። ቁስል ለሌለበት ታማሚ ይህ ጠቃሚ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ግን ስኳሩ ድንገት እንዳይወርድ ከመግባቱ በፊት መለካት አለበት።

ሁለተኛው፣ በየቤታችን የተለመደው፣ እግርን በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመው የዋሉ እናት ማታ ሳፋ ይቀርብላቸዋል፣ ጨው ይጨመርበታል፤ ውሃው የልጃቸውን እጅ እየለበለበ እርሳቸው «ገና ለብ ያለ ነው፣ ጨምሪበት እንጂ» ይላሉ። ስኳሩ የእግራቸውን ነርቭ ስለጎዳው ቃጠሎው አይሰማቸውም፤ በማግስቱ ውሃ የቋጠረ ቆዳ ይታያል፣ እርሱም በቀላሉ የማይድን ቁስል ሊሆን ይችላል። ሙቀት በቆዳ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደሚያሰፋ እውነት ነው። ነገር ግን ዋናው ደም ቅዳ በስብና በካልሲየም ክምችት ከጠበበ ሙቀቱ አይከፍተውም፤ እንዲያውም የሞቀው ሥጋ ተጨማሪ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ችግሩ ሊባባስ ይችላል። ወደ ፍል ውሃ መሄድ ለሚያስቡም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ እግርን ሳይዘፈዝፉ በየዕለቱ ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ መታጠብና በተለይ የጣቶቹን መሐል በሚገባ ማድረቅ ይበቃል፤ ሙቀቱንም ስሜቱ ያልተጎዳ ሰው በክርኑ ወይም በቴርሞሜትር ቢለካው ይመረጣል።

ማንኛውም የውሃ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው የእግሩን ስሜት በ10 ግራም ኃይል በሚጫን ቀጭን የናይለን ክር ይፈትሻል፣ የደም ምቱንም በእግር አናትና ከቁርጭምጭሚት ኋላ ይዳስሳል። ክሩ ካልተሰማ ነርቩ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ምቱ ከጠፋ ደግሞ ታማሚው ገንዳ ከመግባቱ በፊት የደም ሥሩ መመርመር አለበት።