በቀለ የተባለ ሁሉ ዘመድ አይደለም

አዳማ ውስጥ በኮምፒውተር ቅጽ እየሞላሁ እተዳደራለሁ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው «የቤተሰብ ስም» (ቤተሰቡ ሁሉ በጋራ የሚጠራበት ስም) በምትለው ሳጥን ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው ጣታቸውን እዚያችው ሳጥን ላይ አሳርፈው፣ «የአባቴን ስም ነው የሚጠይቁኝ ወይስ የእኔን?» አሉኝ። የሚገባ ጥያቄ ነው። ስለ ስማችን ብዙ የተሳሳተ አባባል እሰማለሁ፤ አንዳንዶቹን ከነመልሳቸው እነሆ።

«ሁለቱም በቀለ ከተባሉ ዘመዳሞች ናቸው»

ቀነኒሳ በቀለና ታሪኩ በቀለ በእርግጥ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ድምፃውያኑ ብዙነሽ በቀለና ሂሩት በቀለ ግን እህትማማቾች አይደሉም። ብዙነሽ ከክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ነው ያዜሙት፤ የሁለቱም አባት በቀለ መባላቸው አጋጣሚ ነው። ሌላም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይ ማራቶንን ያሸነፈችው ሯጭ ከነአባቷ ብዙነሽ በቀለ ትባላለች። ሞክሼዎችን የሚለይልን የአያት ስም ነው። አያትን ጨምረን በሦስት ስም የምንመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ዘመድ ከሆኑማ ስማቸው ይመሳሰላል»

እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ እህትማማቾች ናቸው። የቅርብ ዘመዳቸው ደራርቱ ግን ቱሉ ናት።

«ሴት ስታገባ ስሟ ይቀየራል»

አይቀየርም። ጥሩነሽ ሯጩን ስለሺ ስህንን አግብታም ዲባባ ናት።

«ሐሰን የሲፋን የቤተሰብ ስም ነው»

ይህ የእኛው የአዳማ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ሲፋን ሐሰን የተወለደችው እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥታ ለኔዘርላንድስ ሮጠች። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን ስታሸንፍ የውጭ ጋዜጦች «ሐሰን» እያሉ ጻፉ። ሐሰን አባቷ ናቸው። የሮጠችው ሲፋን ናት፤ ወርቁም የሲፋን ነው። በራሷ ስም ስትጠራ መስማት እፈልጋለሁ።

«ሕጋችን የቤተሰብ ስም አያውቅም»

ያውቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕዝቡ ግን በአባትና በአያት መጠራቱን አልተወም።

ለእኒያ እናት ፓስፖርታቸው ላይ የሰፈረውን ፊደል በፊደል ገለበጥኩላቸው። ልጃቸው የአባቷን ስም ስለያዘች የእናትና የልጅ ስም አይገናኝም። አየር ማረፊያ ላይ «ልጅዎ ናት ወይ?» ቢባሉ እንዳይቸገሩ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷን ከፓስፖርቱ ጋር እንዲይዙ ነገርኳቸው።