የዘይት ቀለም ፖርትሬት ትምህርት በአዲስ አበባ ዳርቻ

የዘይት ቀለም ፖርትሬት የሰውን መልክ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሰው እያዩ፣ በተልባ ዘይት በተለወሰ ቀለም ደረጃ በደረጃ በሸራ ላይ የመሣል ሙያ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ የቤት ኪራይ ረከስ እስከሚልባቸው የአዲስ አበባ ጫፎች ድረስ፣ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጭ ሙያው የሚተላለፈው ደቀ መዝሙሩ መምህሩ ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ በማየት ነው።

ነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን በአንድ ጎኑ ያሳያል፤ በዚህ ሥርዓት ያደገ ተማሪ ፊትን በከፊል ዞር አድርጎ መሣል መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ፓሪስ ተምረው የተመለሱት አገኘሁ እንግዳ ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ናቸው፤ ሆኖም ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ማከራከሩ አይቀርም። አከራካሪ ያልሆነው የአለ ፈለገ ሰላም ውለታ ነው። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን አጠናቀው የተመለሱት እኚህ ታላቅ መምህር በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል፤ በከተማው ዳርቻ ከሚያስተምሩት ሠዓሊያንም ብዙዎቹ የሙያ ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከዚሁ ቤት ነው። በደርግ ዘመን እንደ ታደሰ መስፍን ያሉ ሠዓሊያን በሌኒንግራድ ተምረዋል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በከሰል ነው፤ ተማሪው እጁን ዘርግቶ በእርሳስ እየለካ የግንባርን፣ የአፍንጫንና የአገጭን ርቀት ያመዛዝናል። ቀጥሎ በእንጨት ላይ የተወጠረውን አቡጀዲ በኮላና በነጭ ቀለም ያዘጋጅና ብርሃንና ጥላውን በአንድ ቡናማ ቀለም ይለያል። ከዚያ በኋላ የማይጣሰው ደንብ ዘይት ያነሰው ከታች፣ ዘይት የበዛው ከላይ የሚለው ነው፤ ደንቡን የጣሰ ሥዕል ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

የአውሮፓ መጻሕፍት ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳይገባ የሥዕል ክፍሉ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት ስስ ነጭ መጋረጃ ያስፈልጋል። የመጻሕፍቱ የቆዳ ቀለም ቅይጥም እንዳለ አይሠራም፦ በጠይም ፊት ላይ የሰማዩ ብርሃን በግንባርና በጉንጭ ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጸብራቅ ስለሚጥል፣ ቦታውን በነጭ ብቻ ያበራ ተማሪ ፊቱን አመድ ያስመስለዋል። የክረምቱ ደመና ብርሃኑን ቢያለዝብም ብርዱና እርጥበቱ የቀለሙን መድረቅ ያዘገያሉ፤ ቫርኒሽ የሚቀባውም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ከተጠበቀ በኋላ በመሆኑ፣ በሐምሌ የተጠናቀቀ ፖርትሬት ለመስከረም ስጦታ ቢፈለግ ቫርኒሽ ሳይነካው ይሰጣል።