«ያኔ ማንም አልተከፋም» እና ሌሎች ስለ ድሮ የጃፓን ቀልድ የምንላቸው ነገሮች

የድሮ የጃፓን አኒሜ ወይም ጌም ታድሶ በወጣ ቁጥር አንድ ጭቅጭቅ አብሮት ይመጣል። ሴት የምትለከፍበት፣ ቀሚሷ የሚገለብበት፣ ገላዋን ስትታጠብ የምትሰለልበት ቀልድ ይቅር ወይስ ይቆይ? የልጅነት ትዝታውን የሚከላከል ሰው የሚያነሳቸው መልሶች የታወቁ ናቸው። እኔም ብያቸዋለሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ያኔ ማንም አልተከፋም»

ተከፍቷል፣ ያውም በአደባባይ። ደራሲው ጎ ናጋይ በ1968 «ሀሬንቺ ጋኩኤን» የተባለ ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ) ጀመረ። ዋናው ጨዋታ የተማሪ ሴቶችን ቀሚስ መግለብ ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት ሄደው ያንኑ ሲደግሙት የወላጆችና የመምህራን ማኅበራት ቁጣቸው ገነፈለ። በ1975 ደግሞ ሐውስ የተባለው የምግብ ኩባንያ የኑድል ማስታወቂያ አወጣ። ሴቷ «የምሠራው እኔ»፣ ወንዱ «የምበላው እኔ» ይላሉ። የሴቶች ቡድን ተቃወመና ማስታወቂያው በዚያው ዓመት ከቴሌቪዥን ወረደ። በ1989 «ሴኩሃራ»፣ ማለትም ወሲባዊ ትንኮሳ፣ ከዓመቱ መነጋገሪያ ቃላት አንዱ ሆኖ ተሸለመ። በዚያው ዓመት አንዲት ሴት በመሥሪያ ቤቷ የደረሰባትን ይዛ ፉኩኦካ ላይ ከሰሰች። በ1992 ተፈረደላት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የፉኩኦካው ክስ ሲካሄድ «ድራጎን ቦል» የተባለው ማንጋ በየሳምንቱ እየታተመ ነው። የማንጋው ሽማግሌ ሮሺ ሴት ባየ ቁጥር አፍንጫው የሚደማ ነው። የሳቀው ብዙ ነበር። ያልሳቀችው ግን ፍርድ ቤት ነበረች።

«የጃፓን ባህል ነው፤ ለውጭ ሰው አይገባውም»

ከላይ የተቆጡት፣ የተቃወሙትና የከሰሱት ሁሉም ጃፓናውያን ናቸው።

«ሴት ከጻፈችው ምን ችግር አለው?»

ይሄኛው ትንሽ ያስቸግራል። «ራንማ» የተባለውን ማንጋ የጻፈችው ሩሚኮ ታካሃሺ ሴት ናት። የውስጥ ልብስ የሚሰርቀውን ሽማግሌ፣ ሃፖሳይን የፈጠረችውም እሷ ናት። ሽማግሌው በተያዘ ቁጥር ይደበደባል። ሴቶቹም ዝም ብለው የሚለከፉ አይደሉም። ግን ዱላውን ቀምሶ በሌላ ቀን ይመለሳል፤ ልብስም መጥፋቱ አይቀርም። ደራሲዋን ባደንቃትም ቀልዱ ቀልዱ ነው።

«ቀልዱ ከተነካ ትዝታው ይበላሻል»

«ፋይናል ፋንታሲ 7»ን የተጫወተ ሰው ዋናው ጀግና ክላውድ ቀሚስ የለበሰበትን ቦታ አይረሳም። ጓደኛውን ቲፋን ለማውጣት ሴት መስሎ ሴት አሳዳጁ የወንበዴ አለቃ ዶን ኮርኒዮ ቤት መግባት አለበት። ቀሚስ፣ ዊግ፣ ሽቶ ከየሰዉ ይለቃቅማል። በ1997ቱ ጌም የሚያስቀው ነገር «ወንድ ቀሚስ ለበሰ» ነው። እግረ መንገዱን ጡንቻማ ወንዶች ገንዳ ውስጥ የሚያስገቡት ክፍልም ነበረ፤ እሱም ለሳቅ።

በ2020 ታድሶ ሲወጣ ቀሚሱም ዊጉም አሉ። ክላውድ ግን አሁን መድረክ ላይ ወጥቶ አንድሪያ ከሚባል ወንድ ጨፋሪ ጋር ይጨፍራል። አስውበው ሲጨርሱ ተመልካቹ በጭብጨባ ያቀልጠዋል። እሱ ደግሞ ያን ፊቱን እንዳኮሳተረ ነው። እኔ ከድሮው የበለጠ የሳቅሁት እዚህ ነው። ሳቁ ቀሚስ በለበሰ ወንድ ላይ መሆኑ ቀርቶ በራሱ በክላውድ ኩራት ላይ ሆነ።

«አዲሶቹ ጌሞች ከዚህ ወጥተዋል»

በ2016 የወጣውን «ፐርሶና 5» እንይ። የመጀመሪያው ክፉ ሰው ካሞሺዳ፣ ሴት ተማሪዎችን የሚያስቸግር የስፖርት መምህር ነው። አንዷ ዒላማው አን የምትባል ተማሪ ናት። እዚህ ላይ ጌሙ አንዲት ቀልድ አይወረውርም። ደም ያፈላል።

ከዚያ ቀጣዩ ምዕራፍ ይመጣል። ዩሱኬ የሚባል ሠዓሊ አንን ራቁቷን ልሳልሽ ይላታል። ጓደኞቿ ቤቱ የሚገቡበት መንገድ ስለፈለጉ እሺ በይው ይሏታል። እሷም ልብስ በልብስ ላይ ደራርባ፣ እንደ ጆንያ አብጣ ትመጣለች። ጌሙ እዚህ ጋ ሳቁ ይለናል። እኔ ካሞሺዳ ትዝ አለኝ።