«ይሄ የኤአይ ነው!» ከማለታችሁ በፊት

በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተጻፈ ጽሑፍ ሰለቸን የሚለው ሰው በዝቷል። እኔንም ሰልችቶኛል። ግን ብሶታችን ውስጥ ያልተጣራ ነገር ሞልቷል፤ አንዳንዱ ያለጥፋቱ ሰው ያስቀጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዋናውን ጥፋተኛ ነፃ ያወጣል።

«የኤአይ ጽሑፍ ያስታውቃል፤ መለያም አለው»

አንዳንዴ ያስታውቃል። መለያው፣ ማለትም ጽሑፉ የሰው ነው ወይስ የማሽን ብሎ የሚለየው ፕሮግራም፣ ግን አይታመንም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አንድ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ በማሽን ከተጻፈው ውስጥ የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነው፤ ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን «የማሽን ነው» ብሎታል። ሐምሌ ላይ ዘጉት። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ወስደው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በጻፏቸው ድርሰቶች ሞከሯቸው። በአማካይ ከግማሽ በላዩን የኤአይ ነው አሉ። የአሜሪካ ተማሪዎችን ድርሰት ግን ብዙም አልነኩትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙዎቹ መለያዎች በዋናነት የሚያዩት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል ይገመታል የሚለውን ነው። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የሚያውቀውን ቃል ይደጋግማል፣ የማይሳሳትበትን ዓረፍተ ነገር ይመርጣል፣ ስለዚህ ይገመታል። እስቲ ዲሲ ውስጥ ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲሠራ አድሮ፣ ጠዋት የኮሌጅ አሳይመንቱን በጥንቃቄ የሚጽፈውን ሐበሻ አስቡት። የሚያስጠረጥረው ያው ጥንቃቄው ነው።

«ባዶ ጽሑፍ ያመጣብን ኤአይ ነው»

እዚህ ላይ ሳቄ ይመጣል። ቻትጂፒቲ የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት ርብርብ እየተደረገ ይገኛል» የሚለውን ታዲያ ከዚያ በፊት ማን ሲጽፍልን ኖረ? የሕዝብ ግንኙነት ቢሮዎቻችን «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «በትኩረት ይሠራል»፣ «አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» ሲሉ ስንት ዘመን አለፈ! ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ካላለቀ ማን እንደሚጠየቅ አይነገርም። ሁሉም ነገር ተደረገ፣ ተቀመጠ፣ ተመዘገበ ነው፤ ያደረገው ሰው የለም። ውሃ ለምን ጠፋ ብሎ ወረዳ የሄደ ሰው ይህን ቋንቋ አሳምሮ ያውቀዋል። ተቃዋሚውም አይሻልም፤ «አጥብቀን እናወግዛለን» ብሎ ይጀምርና እሱ ራሱ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ሳይናገር ገጹ ያልቃል።

ማሽኑ ይህን አልፈጠረም፤ አረከሰው እንጂ። ድሮ አንድ ባዶ መግለጫ ለማውጣት ቢያንስ አንድ ሰው ግማሽ ቀን ይቀመጥ ነበር። አሁን ሻይ እስኪፈላ አሥሩ ይደርሳል።

«ማሽን ዘርና ፓርቲ የለውም፤ ገለልተኛ ነው»

የሚማረው ሰው ከጻፈው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የያዘው እንግሊዝኛ ነው። ምን መመለስ እንዳለበት የሚወስኑትም ሰዎች ናቸው። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 እንደዘገበው፣ ለቻትጂፒቲ አሰቃቂና ጸያፍ ጽሑፎችን እያነበቡ ሲለዩ የነበሩ የናይሮቢ ሠራተኞች የሚከፈላቸው በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ነበር። ገለልተኛ የሚመስለን ብዙ ጊዜ አቋም ስለሚሸሽ ነው። የተበደለውንና የበደለውን እኩል አስቀምጦ «ሁለቱም ወገን ስጋት አለው» ብሎ ያልፋል። ይሄ ደግሞ ሁልጊዜ ጉልበት ላለው ያደላል።

«ትልቁ አደጋ የሐሰት ድምፅና ቪዲዮ ነው»

አደጋስ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ የባይደንን ድምፅ አስመስሎ ወጥታችሁ አትምረጡ የሚል ስልክ ለሕዝብ ተደወለ፤ ያስደወለው የፖለቲካ አማካሪ 6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። እኔን ግን የሚያስፈራኝ ተገላቢጦሹ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ትራምፕ፣ ዲትሮይት አውሮፕላን ማረፊያ የምርጫ ተፎካካሪያቸውን ካማላ ሃሪስን የተቀበለው ሕዝብ በኤአይ የተፈጠረ ነው አሉ። ሕዝቡ እውነተኛ ነበር፤ ጋዜጠኞች እዚያው ቆመው አይተውታል። በዚህ አያያዝ ነገ በቪዲዮ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ባለሥልጣን ሁሉ «ኤአይ ነው» ብሎ እጁን አራግፎ ይሄዳል።

«በኤአይ የሚማረር ሰው ቴክኖሎጂ ይፈራል»

ኧረ ወዲያ! ደብዳቤውን ያሳረመበትን፣ የሐኪም ወረቀት ያስተረጎመበትን ሰው ማን ተቆጣ? የሚያናድደው ሌላ ነው። ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ አንድ የሐዘን መግለጫ አየሁ። ሻማ አለው፣ «ልባችን ተሰብሯል» ይላል፣ የሟቹን አገልግሎት በሚያማምሩ ቃላት ይዘረዝራል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ከፈለጉ ይበልጥ ስሜት የሚነካ አድርጌ ላዘጋጅልዎ እችላለሁ» የሚል ተረስቶ ቀርቷል። ከሥሩ ሰው ከልቡ «ነፍስ ይማር» እያለ ይጽፋል። ለጣፊው አንዴ እንኳ ያላነበበውን እኛ ለምን እናንብብለት?